«ቡቺን ካሰራችሁት እኔንም እሰሩኝ» አሉኝ አባቴ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴና ከ10 ዓመት ልጃችን ጋር ሱሉልታ እንኖራለን። ቤታችን ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ፣ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ አጠገብ ነው። እናቴ አምና የካቲት ላይ ስታርፍ አባባን ብቻቸውን መተው አልሆነልኝም። ከደብረ ብርሃን አምጥቼ እኛ ጋ አስቀመጥኳቸው። 71 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

ሲመጡ ሁለት ወር ያህል ከክፍላቸው አይወጡም ነበር። ምግብ በግድ ነው። ሰው ሲመጣ ሰላም ብለው ይገባሉ። ከአልጋቸው ያስነሳቸው ውሻችን ቡቺ ነው። ግቢ ይጠብቃል ብለን ያመጣነው ያገር ውሻ ነው፤ 3 ዓመቱ ነው። አባባ ይዘውት መውጣት ጀመሩ። አሁን በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቡቺን ያለ ገመድ አስከትለው በሜዳው አቋርጠው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ኪዳን አስደርሰው እስኪወጡ ቡቺ በሩ ላይ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል። እናቴ እያለችም ኪዳን አያመልጣቸውም ነበር።

ክረምቱን ደህና አለፍን። ከመስከረም ወዲህ ግን ነገሩ ተደራረበብን። መጀመሪያ ቡቺ ማነከስ ጀመረ፤ የእንስሳት ሐኪሙ ከጣቶቹ መሃል የሣር ፍሬ አወጣለት። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ሁለት ቀን ሲያስመልሰው ከረመ፤ ምን እንደበላ አላወቅንም። ባለፈው ሳምንት ሦስት የማናውቃቸው ውሾች ሜዳው ላይ ገጠሟቸው። አንደኛው የቡቺን ጆሮ ነከሰው። አባባ ሊገላግሉ ሲገቡ እጃቸውንም ቧጨር አድርጓቸው ነበር፤ አረቄ አፈሰሱበትና «ምንም አይደለም» አሉ። አሁን ደርቋል። በዚያ ላይ የጎረቤታችንን ውሻ ጅብ በላው። ኮቴው አባባ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ታይቷል።

ባለቤቴ «ውሻ ይታሰራል እንጂ ሽርሽር ይወጣል እንዴ? በቃ ይታሰር» አለ። ይህን ለአባባ ስነግራቸው «ቡቺን ካሰራችሁት እኔንም እሰሩኝ» ብለው ከማዕድ ተነሱ። አራት ቀን ሆናቸው፤ ከባለቤቴ ጋር ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም። ልጄ ደግሞ «እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላንሸራሽረው» ይላል። እኔ ሁለቱንም ወገን ይገባኛል። የቱን ልያዝ?

በሁለት እሳት መሃል፣ ከሱሉልታ

ውድ እህቴ፣

ስለ ቡቺ ልጽፍልሽ ነበር የተቀመጥኩት። «እጃቸውንም ቧጨር አድርጓቸው ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ትንሹን ቦታ የያዘው እሱ ነው፤ እኔ ግን ከእሱ መጀመር አለብኝ። የቀረውን ከማንበብሽ በፊት አባትሽን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ።

ላስደነግጥሽ ፈልጌ አይደለም። ምናልባት ምንም የለም። ግን ውሻው የማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ የተከተበ ይሁን አይሁን አታውቁም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ላይ ሲከሰት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ለመያዝ ደግሞ የግድ ትልቅ ንክሻ አያስፈልግም፤ ቆዳ የላጠ ጭረትም ይበቃል። ክፋቱ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም በሚባል ደረጃ ላይ መሆኑ ነው። ደጉ ነገር ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ይከላከለዋል። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። ስለዚህ «ሳምንት አልፎታል፣ ቁስሉም ደርቋል» ብላችሁ አትተዉት። ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ ይስማና ይወስን። ባህላዊ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ጋ እንሂድ የሚል ዘመድ ካለ ደግሞ በትህትና እምቢ በሉ፤ የሚበላው ጊዜያችሁን ነው።

አረቄውን አልነቅፍም፤ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ግን ሳሙናን አይተካም። ሌላ ጊዜ ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። 15 ደቂቃ ቆሞ ለሚያጥብ ሰው ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ።

ቡቺንም በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ውሰዱት። የክትባት ካርዱ አለ? የመጨረሻው መቼ ነበር? ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ፣ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገማል። ቀድሞ የተከተበ ውሻ በማይታወቅ ውሻ ሲነከስ ቶሎ በድጋሚ ይከተብና 45 ቀን ያህል ዓይን ሳይለየው ይጠበቃል። ካልተከተበ ጉዳዩ ጠንከር ይላል፤ እሱን ከሐኪሙ ስሚ። እስከዚያው ልጅሽ ከቡቺ ጋር አይታገል፣ ፊቱንም አያስልስ። ከግቢ መውጣቱንም ሐኪሙ ይሁን እስኪል አቆዩት። ለአባትሽ «ታሰረ» አትበያቸው። «ታሟል፣ እያስታመምነው ነው» በያቸው። እውነትም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ።

አባትሽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሱት ለቡቺ ብለው ይመስልሻል? «እናቴ እያለችም ኪዳን አያመልጣቸውም ነበር» ብለሽ አንድ መስመር ጥለሽልኛል። ያንን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሰዓት አብሯቸው የሚነሳ ሰው ነበራቸው። «ብርድ ነው ጋቢ ደርብ» የሚላቸው ነበር። አሁን ያ ሰዓት ይመጣል፣ አልጋው ባዶ ነው። ከቡቺ ጋር የሚወጡት ከዚያ አልጋ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፤ አንቺ ልጃቸው ነሽ፣ ታውቂያለሽ። ግን እንደዚያ ከሆነ «እኔንም እሰሩኝ» ያሉት ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። እሱ ከታሰረ ከክፍላቸው የሚያወጣቸው ነገር እንደሌለ እየነገሩሽ ነው።

ስለዚህ «ለምን በሌሊት ይወጣሉ?» ብለሽ አትጀምሪ። ቡና አፍልተሽ፣ ባለቤትሽ በሌለበት፣ «አባባ፣ ከእማዬ ጋር ስትሄዱ የቱን መንገድ ነበር የምትይዙት? እሷ ቀድማ ነበር የምትነሳው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ገመድና ስለ ጅብ አታንሺ። እሱ ለሁለተኛው ስኒ፣ ካልሆነም ለማግስቱ ይቆይ።

ጅቡን በተመለከተ አባትሽ አንድ ነገር ተሳስተዋል ብዬ እገምታለሁ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚሳሳቱት ነው። «ቡቺ አብሮኝ ካለ ጅብ አይደፍረኝም» ሳይሉ አይቀሩም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለጅብ ውሻ ዘበኛ ሳይሆን ራት ነው። ያለ ገመድ የሚሮጥ ውሻ ሽታ ተከትሎ ወደ ጎርፍ ቦዩ ይወርዳል፤ አባትሽ ደግሞ ከዘራ ይዘው በጨለማ ይከተሉታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት አስታውሺያቸው፤ መምህር አይደሉ፣ ተረት ከልጅ ክርክር ይልቅ ይገባቸዋል።

ጅብ ቀን አይወጣም ማለት አይደለም፤ ግን ሥራው በአብዛኛው ሌሊት ነው፣ ሲነጋ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። አባትሽ የሚወጡት ልክ እሱ በሚመለስበት ሰዓት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብላ ነው። የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው እኮ!

የምመክርሽ ኪዳኑንና ቡቺን መለያየት ነው። ኪዳን የሚያስደርሱ ጎረቤቶች አይጠፉም። በዋናው መንገድ፣ ባትሪ ይዘው፣ አብረዋቸው ይሂዱ። ቡቺ በዚያ ሰዓት በተዘጋ ቦታ ተኝቶ ይጠብቃቸው። ሲመለሱ ቁርስ ቀምሰው፣ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ላይ ውርጩ ለቀቅ ሲያደርግ፣ አብረው ይወጣሉ። ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ የጥቅምት ማለዳ ብርዱ ለ71 ዓመት ሰውም አይበጅም። ጠዋት ካልተመቸ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይሁን፣ ሳይመሽ ይመለሱ። «ያለ ቡቺ አልሄድም» ካሉ ደግሞ አትከራከሪ። ሰማዩ እስኪገለጥ ጠብቀው በገመድ ይዘውት ይሂዱ። አንድ ሳምንት ሞክሩትና ተነጋገሩ።

ሜዳውን ግን ለጊዜው ይተዉት። ይህን ወቅት አንዱ ጥቢ፣ ሌላው መፀው ይለዋል፤ እኔ የሣር ፍሬ ወቅት ነው የምለው። በክረምት ሣሩ ለስላሳ ነበር፣ ቡቺም ምንም አልሆነም። አሁን አፍርቶ ደርቋል። ሰንበሌጡን ዘንጥለሽ እዪው፤ ፍሬው ከፊቱ እንደ መርፌ ሾሏል፣ ከኋላው ቀጭን ፀጉር አለው። ወደ ፊት ይገባል እንጂ ወደ ኋላ አይወጣም። ውሻ ጣት መሃል ከገባ በእያንዳንዱ እርምጃ ጠልቆ ይሄዳል፤ ያብጣል፣ ይመግላል። ጆሮ ውስጥ ከገባ ውሻው ጭንቅላቱን እያራገፈ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አፍንጫ ከገባ ያለማቋረጥ ያስነጥሰዋል። ቡቺ አንዴ ስለወጣለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ሜዳው ታጭዶ ድርቆሹ እስኪነሳ ድረስ በየቀኑ ሊገባበት ይችላል። ኮብልስቶኑን ወይም የተረገጠውን የእግር መንገድ ይያዙ።

ሲመለሱ መፈተሽ ነው። እዚህ ላይ ልጅሽን አስገቢው፤ ሐኪሙ ቡቺን ደህና ነው ካለ በኋላ ማለቴ ነው። አያት ውሻውን ይይዛሉ፣ ልጁ በትንንሽ ጣቶቹ ይፈትሻል። በቡቺ ጣቶች መሃል፣ በብብቱ ስር፣ ጆሮው ውስጥ፣ ጭራው ስር። ጭጎጎቱን ይለቅማል። መዥገር ካገኘ ለአያቱ ይንገር። መዥገር በነጭ ጋዝ ወይም በክብሪት አይነቀልም። በወረንጦ ቆዳው ሥር ድረስ ጠጋ ብሎ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ። 5 ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ «እኔ ላንሸራሽረው» ያለው ኃላፊነት ፈልጎ ከሆነ ይህ ኃላፊነት ነው። ብቻውን ይዞት መውጣቱ ግን አይሆንም። ሌላ ውሻ ቢመጣ የ10 ዓመት ልጅ ገመዱን አይለቅም፤ መሃል ይገባል። አያቱ ያደረጉትን አይተሻል።

ከመስቀል በኋላ ስላስመለሰው ነገር የምገምተው አጥንት ነው። በዓል ባለፈ ቁጥር መንገዱ አጥንት በአጥንት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? ለእኛ ነው እንጂ ለቡቺ አልተባለም። ጥሬ አጥንትም ቢሆን ያለ ችግር አይደለም፤ የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲታኘክ እንደ ስንጥር ይሰነጠቃልና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ወጡም ራሱ ጥሩ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በእንቁጣጣሽ የድስት ጥራጊ ከነአጥንቱ ለውሻዬ በእጄ ሰጥቼ ሌሊቱን ሙሉ ተጨንቄ አድሬያለሁ። ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ከአጥንት የሚከፋው መርዝ ነው። አዝመራ ሲገባ ሰው ለአይጥ መርዝ ያስቀምጣል፤ ለጅብ ብሎ ሥጋ የሚመርዝም አይጠፋም። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ወዲያው አያሳይም፤ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው ውሻው የሚደክመው፣ ድዱ የሚደማው፣ ሰገራው የሚጠቁረው። ሌላው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያንቀጠቅጣል። ወተት ማጠጣት የሁላችንም ልማድ ነው፤ መርዙን ግን አያረክስም። ወተት ስትፈልጉ ደቂቃ አትጣሉ፣ በቀጥታ ሐኪም ጋ ሩጡ፣ የመርዙ ማሸጊያ ከተገኘ ያዙት። የሐኪሙን ስልክ ዛሬ በአባትሽም ስልክ ላይ መዝግቢ። የዝናቡን ኩሬም እንዳይጠጣ ትንሽ የሃይላንድ ውሃ ይያዙለት። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ በማግስቱ አመዱ ከላይ ቀዝቅዞ ከስር ፍም ሊሆን ስለሚችል በዚያ በኩል አይውሰዱት።

ገመዱን አባትሽ መጀመሪያ አይወዱትም። «በሰንሰለት» ስለሚመስላቸው ነው። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የሚሆን ጠንካራ ገመድ፣ አንገቱን ከማነቅ ይልቅ ደረቱን ከሚያቅፍ ማሰሪያ ጋር ግዢላቸው። ጫማ ሰፊ ጋር ወስደሽ በልኩ ማሠራትም ትችያለሽ። «ጠብ ውስጥ ሳይገባ የሚመልሱት በዚህ ነው» በያቸው። ሌሎች ውሾች ከመጡ አይሩጡ፣ ገመዱንም አይወጥሩ፤ የተወጠረ ገመድ ቡቺንም ያስቆጣዋል። ቆም ብለው ጎንበስ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው። ያገራችን ውሻ ይህን ቋንቋ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የተማረው፤ አብዛኛው ዞሮ ይሄዳል። እረኛ ያለው ውሻ ከሆነ እረኛውን ጠርቶ እስኪይዝለት መቆም ነው። ከተጣሉ ግን እጅ አይገባም። ጋቢ ይጣልባቸው፣ ውሃ ይደፋባቸው፣ ከዘራውም አለ፤ እጅ ግን በጭራሽ። ለጎጃም መንገድ መኪና ደግሞ ትራፊክ ፖሊሶች የሚለብሱት ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ለአባትሽ ግዢላቸው፤ ይስቃሉ፣ ግን ይለብሱታል።

ባለቤትሽን አትውቀሺው። የጎረቤት ውሻ በጅብ ሲበላ አይቶ «ይታሰር» ያለ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። ያልገባው ነገር ቢኖር ደጅ የታሰረ ውሻ ለጅብ የተዘጋጀ ምግብ መሆኑ ነው። መሸሽ አይችልም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ደግሞ ይከፋል፤ ውሎ አድሮ ልጅ ወይም እንግዳ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ስጪው፦ በር ያለው ጠንካራ የውሻ ቤት ከቆርቆሮና ከእንጨት ይሥራ፣ የአጥሩን ቀዳዳ ይድፈን፣ ቆሻሻ ከግቢው ጥግ ያንሳ። ጅብን የሚጠራው ሽታ ነው። ሲሠራ አባትሽን «አባባ፣ ልኩን እስኪ ይንገሩኝ፣ ቡቺን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» ቢላቸው ሽማግሌ መላክ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

ከጤና ጣቢያው ስትመለሱ ሁለት መስመር ጻፊልኝ። የቡቺ ጆሮ እንዴት እንደሆነም ንገሪኝ።